ከትከሻው ወዲህ

ሰፈሩ ውስጥ ቧንቧ ሲፈነዳ የሚጠራው ሰውዬ ጠብታ ይባላል። ስሙን ያወጡለት ጎረቤቶቹ ናቸው። የሰው ቤት ገብቶ ወለሉ ኩሬ ሆኖ እያየ፣ «ጠብታ እኮ ናት» ሳይል ሥራ አይጀምርም። ሚስቱ ካረፈች፣ ልጁም ሌላ ከተማ ሥራ ይዛ ከሄደች ወዲህ ጓደኛው አንዲት አሮጌ ጂፕ ናት። «እሜቴ» ይላታል። በበሩ ብትገባለት ኖሮ አልጋውን እንደሚለቅላት ሰፈሩ አይጠራጠርም። ጠዋት ኮፈኗን ከፍቶ እንዴት አደርሽ ሲላት የሰሙ አሉ።

እሜቴ ሁለት አመል አላት። ብርድ ሲሆን ካላባበሏት አትነሳም፤ የኋላ ማርሽ ሲገባላት ደግሞ እንደ ፍየል ትጮኻለች። መካኒክ አንዴ ፈታትቶ ገጥሟት ነበር፤ ጩኸቷ ብሶባት ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ማንም አልነካትም።

የጠብታና የአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ግድግዳ ለግድግዳ ነበር። ዝናቡ ባቆመ ቁጥር እሜቴን ይዘው ተራራ ይወጣሉ። ሌላው ሰው አስፋልት ይመጣልን ብሎ ይለምናል፤ የነዚህ ሁለት ሰዎች ፊት የሚፈካው አስፋልቱ ሲያልቅ ነው። የሚነዳው ጠብታ ነው። መንገዱ ሲከፋ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ይወርዳል። ስፋቱን ይለካል፣ ጎማው የሚረግጠውን ድንጋይ ጨርቅ በሚያሰምርበት ጠመኔ ምልክት ያደርግበታል፣ ከዚያ ፊቱን ወደ መኪናዋ መልሶ የኋሊት እየተራመደ በሁለት ጣቱ ቀኝ፣ ግራ፣ ቁም ይላል። ሹፌር መሪ ጨብጦ የራሱን ጎማ አያይም። ጠብታ የሚያየው እነዚያን ጣቶች ብቻ ነበር።

«አንተ ግድግዳውን ያዝ፤» ይለዋል ልብስ ሰፊው። «ገደሉን እኔ አይልሃለሁ።»

ከዚያ የልብስ ሰፊው ዓይን ደከመ። መጀመሪያ መርፌ የሚሠሩት ሰዎች ቀዳዳዋን አጠበቧት ብሎ ፋብሪካውን ሰደበ። ቆይቶ የአንድ ደንበኛ ኮት ላይ እጅጌውን ገልብጦ ሰፋ፤ ሰፈሩ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። ሲከርም ግን ሰው የሚለየው በድምፅ ሆነ፤ ልጁም መጥቶ ወደሚኖርበት ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለ ቤቱ ወሰደው። ሱቁ ውስጥ አሁን ሞባይል ይጠገናል። ሜትሩን ለጠብታ ትቶለት ሄደ።

የዘንድሮ ዝናብ ሲያባራ ልብስ ሰፊው ደወለና አንድ ነገር ብቻ ለመነው። ተራራው ላይ ቀጥ ባለ የዓለት ግድግዳና በገደል መካከል የሚያልፍ፣ ሁለቱ «ትከሻው» የሚሉት ጠባብ መንገድ አለ። ከእሱ ማዶ ምንጭ አለ። ድሮ ጠብታ ዓለቱ ውስጥ አጭር ቧንቧ ሰክቶለት፣ በየዓመቱ ከዚያ ጠጥተው ነበር የሚመለሱት። «በረንዳ ላይ ተቀምጬ የማስበው እሱን ነው፤» አለ። «ትከሻውን ተሻገርና ይፈስ እንደሆነ እይልኝ።»

ጠብታ ምን ችግር አለ፣ ጠብታ እኮ ናት አለው።

ብቻውን ወጣ። ከጎኑ ያለው ወንበር ላይ ልብስ ሰፊው ከሱፍ ቁርጥራጭ ገጣጥሞ የሰፋው ትራስ አለ፤ ያለፈው ዓመት መቀመጫ ቅርጹን እንደያዘ ነው። አስፋልቱ አለቀ፤ ጠብታ ወደ ትራሱ ዞሮ አንድ ቀልድ ጀመረና ሳይጨርስ ተወው። ቀጥሎ አራቱም ጎማ እንዲስብ ማርሹን አስገባ። መንገዱ ሲከፋ ይወርዳል፣ ያያል፣ ድንጋይ ያነሳል፣ ተመልሶ ይሳፈራል፣ እፍኝ የምታህል መንገድ ይሄድና ድንጋዩ የት ጋ እንደነበር ይረሳዋል። እንደገና ይወርዳል። ሹፌርም ረዳትም መሆን ወገብ ይቆርጣል። «ቀኝ» ብሎ ራሱን ያዛል፣ «እሺ» ብሎ ለራሱ ይመልሳል፣ ወዲያው ደግሞ የትኛው ቀኝ እንደሆነ ይጨቃጨቃል። የሰማው ቢኖር አበደ ባለ ነበር። የሚሰማ አልነበረም።

ትከሻው አፍ ላይ ሲደርስ ፍሬን ያዘ። የመንገዱን ግማሽ ናዳ ወስዶታል። የተቆረሰው ጠርዝ ቀይ አፈር ነው፤ ልብስ ሰፊው ሁልጊዜ ጠመኔውን የሚያሰምርበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ከነቦታው የለም። ጠብታ ሜትሩን አወጣና ለካ። ጓደኛው እንደሚያደርገው ደግሞ ለካ። እሜቴ የምታልፍበት ስፋት አልተረፈም። በእግር እንኳ ሲሞክረው አፈሩ ከጫማው ስር ተንሸራተተበት።

በተራራው ላይ ኔትወርክ ያለው ከታች ካለው መታጠፊያ እስከ ትከሻው አፍ ብቻ ነው። እውነቱን ሊነግረው ደወለ። ያነሳችው የልብስ ሰፊው ምራት ናት። «ጋሼ፣ አባባ ከጠዋት ጀምሮ ከበረንዳው አልተነሱም» አለችና አቀበለችው።

«የት ደረስክ?»

«ትከሻው አፍ ላይ። መንገዱ…»

«ሞተሯን አስነሳ። አትቸኩል።»

ጠብታ ስልኩን ይዞ ወደ እሜቴ ገባ። ስንት ወር ሙሉ በስልክ የሚሰማው «ደህና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ» የሚል ከሲታ ድምፅ ነበር። ይሄኛው ያ አይደለም። ይሄ ከመኪና ፊት ለፊት ቆሞ የኋሊት የሚራመደው ሰው ድምፅ ነው። ስልኩን ከመሪው ፊት አስቀመጠ፣ ስፒከሩን ከፈተ፣ ሞተሩን አስነሳ። የእጅ ፍሬኑን ግን አልለቀቀም።

«ቀኝ። ትንሽ። የክር ውፍረት ያህል።»

ጠብታ መሪውን ወደ ቀኝ አዞረ። «እሺ።»

«ነዳጅ ስጣት።»

ሰጣት። እሜቴ ባለችበት ቆማ አጓራች።

«ቁም። ድንጋዩ ጎማህ ስር ነው?»

ጠብታ ድንጋዩ የነበረበትን ባዶ ቦታ አየ። «ስሩ ነው።»

እንዲህ እየተባባሉ ንቅንቅ ሳይሉ ትከሻውን ዳር እስከ ዳር ሄዱበት። ጠብታን ላብ አጠመቀው፤ እየነዳ እንኳ እንዲህ አልቦት አያውቅም። በመጨረሻ ልብስ ሰፊው «አለፍክ» ብሎ ተነፈሰ። ወዲያው ስለ ቧንቧው ጠየቀ። ይፈሳል አለው ጠብታ።

«እስቲ አሰማኝ።»

ጠብታ ስልኩን ይዞ ወረደ። ጠጠሩን ሆን ብሎ እየረገጠ ጥቂት ተራመደ፣ ተመልሶም የእሜቴን የውሃ ጀሪካን አውርዶ ዓለቱ ላይ አንቆረቆረ። ማቆሚያው መቼ እንደሆነ ስላላወቀ የጀሪካኑን እኩሌታ አፈሰሰው።

«ይበቃል፤» አለ ልብስ ሰፊው። «ጉም ሳይመጣ ተመለስ። በል ዝጋው።»

«አንተ ዝጋው።»

ሁለቱም አልዘጉትም። ጠብታ መሪው ጋ ተመልሶ ተቀመጠ። ከሸለቆው ጉሙ መነሳት ጀምሯል። እዚያ ማዞሪያ የለም፤ መመለስ የሚቻለው የኋሊት ብቻ ነው። ዓይኑ ጉሙ ላይ፣ ሐሳቡ ስልኩ ላይ እንዳለ እጁ በልማድ ማርሹን ወደ ኋላ አስገባ።

እሜቴ እንደ ፍየል ጮኸች።

ስልኩ ውስጥ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ።

«ማዶ እኮ ማዞሪያው ሰፊ ነው፤» አለ ልብስ ሰፊው ቀስ ብሎ። «የኋላ ማርሽ ምን ያደርግልሃል?»

ጠብታ ዓይኑን ወደ ስልኩ መለሰ፤ ልብስ ሰፊው ቀጠለ።

«ውሃውም እንደ ጀሪካን ይንደቀደቅ ነበር። መንገዱን ናዳ ወሰደው?»

«ግማሹን።»

«ድንጋዩንም?»

«እሱንም።»

ልብስ ሰፊው ይቆጣል ብሎ ጠብታ ጠበቀ፤ ቢቆጣ ይሻለው ነበር። ልብስ ሰፊው ግን ጉሮሮውን ጠራርጎ አሁን መኪናዋ የቆመችው በትክክል የት ጋ እንደሆነ፣ ግድግዳው ከቀኝ ጎማ ምን ያህል እንደሚርቅ ጠየቀው። ጠብታ ነገረው።

«እንግዲያው መሪውን አቅና። የቀኙን ስፖኪዮ ብቻ እይ፣ ግድግዳውን ያዝ።»

«ገደሉስ?»

«ገደሉን እኔ አይልሃለሁ።»

ጠብታ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀ። አሁን ጎማዎቹ እውነት ዞሩ። አሁን ጉድጓድ አለ ሲለው ጉድጓድ ነበር፤ አሁን የዛፍ ሥር መንገዱን ያቋርጣል፣ ቀስ በል ሲለው እሜቴ በሥሩ ላይ ተነስታ ወረደች። ከወዲህ ያለው መንገድ ምንም አልሆነም፤ ልብስ ሰፊው ልብሱን እንደሚያውቀው ያውቀዋል። እሜቴ እየጮኸች፣ እሱ እየመራ፣ ጠብታ «እሺ» እያለ፣ ከጉሙ ቀድመው እስከ መታጠፊያው ወረዱ።

«አሁን ወደ ግ…» አለና ድምፁ ተቆረጠ። ኔትወርኩ አለቀ።

ጠብታ ሳያስበው «እሺ» አለ። ለማንም አልነበረም። የቀረውን እየወረደ እያየ፣ እየተሳፈረ እየነዳ፣ መኪና ወደሚዞርበት ሰፊ ቦታ ደረሰና እሜቴን አዞራት። ፊቷ ወደ ቤት ሆነ፤ ቁልቁለቱ ብቻ ነው የቀረው። ኔትወርክ ያለው ቀጣዩ ቦታ ግን ታች አስፋልቱ ጋ፣ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ ሰው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ወደ ግራ ይሁን አይሁን ሳያውቅ ይቀመጣል።

ጠብታ ሞተሩን አጠፋ። ከሰፈር ሱቅ ዳቦ ለመግዛት እንኳ እሜቴን የሚያስነሳው ሰውዬ ዳገቱን በእግሩ ተያያዘው፤ ጉም ውስጥ ገብቶ፣ እየቆመ እየተነፈሰ፣ ስልኩን ከጭንቅላቱ በላይ አንስቶ። ከመታጠፊያው አልፎ ሲደውል ስልኩ አንዴ ጠርቶ ሳይጨርስ ተነሳ።

«ወጣሁ፤» አለ።

«ቆየህ፤» አለ ልብስ ሰፊው። ከዚያ ምራቱ ምሳ ቀርቧል ስትል ተሰማ፣ ስልኩም ተዘጋ።

ጠብታ ጉሙ ውስጥ ብቻውን ቆመ። ክንዱ የሚደርስበት እንኳ በደንብ አይታይም። ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ ወረደ፤ ገደሉን የሚያይለት አልነበረምና።