ብርድ ልብስ የተሰጣበት ጥድ

1.

አረንጓዴ!

2.

ይቅርታ፣ ቸኮልኩ። ከመጀመሪያው ልነሳ።

ደብረ ብርሃን። በእኛና በእትዬ አስካለ ግቢ መካከል የጥድ አጥር አለ። መሃሉ ደርቋል፣ ውሻ ይሾልክበታል። ሰኞ ግንበኛ ይመጣል፤ ጥዱ ከዳር እስከ ዳር ተነቅሎ ብሎኬት ይቆማል።

እናቴ አባቴ ካረፈ ወዲህ ከግቢያችን ወጥታ አታውቅም። ከሰው ጋር የምታወራው በዚህ አጥር አናት ላይ ነው፤ ያውም ከእትዬ አስካለ ጋር ብቻ።

ብሎኬቱ ከሁለቱም ቁመት ይበልጣል።

3.

መመሪያ።

ቅርንጫፉን ያዙ። ቅርፊቱን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉ። ቡናማ ከሆነ ሞቷል። እርጥብ አረንጓዴ ከሆነ ጩኹ።

እኔ ጮህኩ። «ወራጅ አለ» ለማለት አፍሬ ፌርማታዬን የማልፈው እኔ!

4.

እትዬ አስካለ (ከወዲያ ማዶ)፦ ምን ሆነች ይቺ ልጅ? እባብ ነው?

እኔ፦ ዳርና ዳሩ አልሞተም!

እናቴ፦ መሃሉስ?

እኔ፦ መሃሉ… እትዬ፣ ብርድ ልብስ የት ነው የሚያሰጡት?

እትዬ አስካለ፦ እዚሁ ነዋ። እናትሽ ከምታሰጣበት።

እናቴ፦ ወሬያችንን እያወራን።

እትዬ አስካለ፦ በወሬ ገደልነው በይና!

እናቴ ሳቀች።

ሳቀች።

5.

6.

አምስት የት ሄደ አትበሉኝ፤ እንደ ጥዱ መሃል ተቆርጦ ነው። ውሃ የጠጣ ብርድ ልብስ ከወዲህም ከወዲያም ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ሲጫንበት፣ የጥዱ መሃል ብርሃን አጥቶ ታፍኖ ደረቀ። የደረቀ ጥድ ደግሞ ዳግመኛ አያቆጠቁጥም። መጋዝ ተውሼ ቆረጥኩት።

የቀረው ክፍተት ሰው ያሳልፋል፤ ትንሽ ገደድ ካለ።

7.

ሰኞ። ግንበኛው ደረጀ ገና ሲያየው ሳቀ።

«ለዚህች ነው አጥሩን በሙሉ ልንነቅል የነበረው? ይህቺን ብቻ እደፍናታለሁ።»

ጥዱ ተረፈ! እየዘለልኩ ነው የምጽፈው።

ግን ክፍተቱ? ደረጀ ብሎኬት ይዟል። እኔ የጥድ ችግኝ ይዣለሁ። ሁለታችንም እናቴን አየናት።

8.

ከክፍተቱ ወዲያ እትዬ አስካለ የታጠበ ብርድ ልብስ አንድ ጫፍ ይዘው ቆመዋል። ሌላው ጫፍ ገንዳው ውስጥ ነው። ብርድ ልብስ ለብቻ አይጨመቅም፤ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ይጠመዝዘዋል።

«ዘንዬ! ምን ይገትርሻል? ነይ ያዢልኝ እንጂ፣ እጄ ሊገነጠል ነው!»

«እትዬ ዘነበች» አለ ደረጀ፣ «ልድፈነው ወይስ ይተከል?»

«ቆይማ» አለች እናቴ።

ነጠላ ጫማዋን አስተካከለች። እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ክፍተቱ ዞረች።

እኔ ችግኙን ከጀርባዬ ደበቅኩት።

9.