ሦስቱንም ወይም ምንም

በድጎማ ሱቁ መስኮት ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት እየመዘነች የምታድለውን ሴት ሰፈሩ «ሚዛኗ» ይላታል። የሱቁ ደንብ አንድ ነው፤ ወይ ሦስቱንም መውሰድ፣ ወይ ካርዱን አስረክቦ ወረፋ ለሚጠብቅ መልቀቅ። ስኳሩ ይቅርብኝ ያለ ሁሉ ይህን ከእሷ አፍ ሰምቷል። እንዲያውም አንዳንዱን «ጥጋብ ነው!» ብላ በሰው ፊት አሳቅቃዋለች። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ባሏ በሕመም ሥራ የተወ ሾፌር ነው። የስኳር በሽታው እግሩን ካቆሰለው ወዲህ ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯታል፤ ነጭ ዱቄትና ስኳር ትቶ ጎመንና ባቄላ ካልበላ እግሩ ይቆረጣል። እሺ አለች። ግን ጎመንን ማን ይደጉማል? በእሷ ደመወዝ የሚቀመሰው ያው በመስኮቷ የሚወጣው ነው። ካርዱን ብትመልስ ደግሞ ልጆቹ ጦማቸውን ያድራሉ።

መላ አላጣችም። ከድርሻዋ ስኳሩንና ገሚሱን ዱቄት ለአትክልት ሻጯ እየሰጠች በምትኩ ጎመንና ባቄላ ታመጣ ጀመር። ባሏ «አንቺ ሴትዮ፣ በቁሜ ፍየል አደረግሽኝ እኮ!» እያለ ያጉረመርማል። ቁስሉ ግን መጠገግ ጀምሮ ነበር፤ እሷንም እንቅልፍ ይወስዳት ጀምሮ ነበር።

ዛሬ እንደ ልማዷ ከረጢቷን ይዛ ስትሄድ ሻጯ እጇን አልዘረጋችም።

«ምነው እህቴ፣ አስቀየምኩሽ እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ! ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። እኔም እንደ ባልሽ ሆንኩልሽ። አንቺ የምታመጪውን ስንበላው፣ ስንጠጣው...» ጎመኗ ላይ ውሃ ረጨች። «በነጻ ውሰጂ እንዳልልሽ፣ የማድረው በዚሁ ነው።»

ሚዛኗ አፈረች፤ ከማፈሯም በላይ ተናደደች፤ በማን እንደምትናደድ ግን አላወቀችም። ሌላ የሚለውጥላት ፍለጋ ገበያውን ዞረች። ስኳር ያልሞላበት ቤት የለም።

ቤት ገብታ ዱቄቱን አቦካች፤ ሌላ የሚጋገርም የሚቀቀልም አልነበረም። የዳቦው ሽታ ባሏን ከአልጋው አስነሳው። እያነከሰ መጥቶ ከልጆቹ ጎን ተቀመጠና ትኩሱን ቆርሶ ጎረሰ።

«ተባረኪ! ሐኪሙ ፈቀደልኝ ማለት ነው?»

ልጆቹ ቀና ብለው አዩዋት።

«አዎ» አለች።

«እንግዲያው ጨምሪልኛ!»

ጨመረችለት።