ዓሪፍ እንዴት እንደተወለደ

ከመርሳ እስከ ወልድያ ዓሪፍ እንዴት እንደተወለደ ያልሰማ ሰው ካለ፣ እሱ ራሱ ትናንት የተወለደ ነው። አባቱ አያ ጀብሪል በየዓመቱ ጎረቤቱን ለወዳጃ፣ ለጋራ ዱዓ፣ ይጠራሉ፤ ሰንጋ የሚያክል ሙክት ያርዳሉ። ጫቱ ከቀረበ በኋላ፣ ዱዓው ሳይጀመር፣ ታሪኩን ያወራሉ፦ ልጅ አጥተው እንዴት እንደኖሩ፣ ባለቤታቸው ሀስና ከግራና በላይ ወዳለው የአላህ ወዳጅ የወልይ ቀብር በእግሯ ወጥታ እንዴት እንደተሳለች፣ መንገድ ላይ ምን ዓይነት ዝናብ እንደወረደባት። ዝናቡ በየዓመቱ ይብሳል፤ አምና ተራራ ይንድ ነበር። ታዳሚው፣ ክርስቲያኑ ጎረቤት ዘውዱ ሳይቀር፣ «አሚን!» ሲል የጓሮው ፓፓያ ፍሬውን ያራግፋል።

ዘንድሮ ግን ዓሪፍ ራሱ፣ መርሳ ላይ ሱቅ ያለው ጢማም ጎልማሳ፣ በጠዋት መጥቶ እጃቸውን ሳመ።

«አባ፣ ለአላህ ብለው ይተዉት። ቀብር ሄዶ መሳል ሽርክ ነው፤ በአላህ ላይ ማጋራት ነው። ተውበት ያድርጉ፤ ጀሀነም እንዲገቡብኝ አልፈልግም።»

«በወንጀል ነው የተወለድከው እያልከኝ ነው?»

«አላህ ነው የሰጣችሁ።»

«እኔስ ሌላ ማን ሰጠን አልኩ? የሄድንበትን መንገድ ነው የማወራው።»

«መንገዱ ነው ጥፋቱ፣ አባ። ዛሬ ካነሱት እኔ እዚህ ቤት አልቀመጥም።»

የሐራ ባቡር ከነፉርጎው ደረታቸው ላይ የቆመ መሰላቸው። ልጁ ልክ ከሆነ የዕድሜ ልክ ምስጋናቸው ወንጀል ሆኖ ሊመዘንባቸው ነው። ልክ ካልሆነም ያ ያለቀሱለት ልጅ ሊሄድባቸው ነው። ዘውዱን ቢያማክሩት፣ «ውይ አንቱ! የኔ ሚኒባስ ለገብርኤል ካልተሳልኩ መቼ ትነሳ ነበር?» ብሎ ሳቀ፤ ፊታቸውን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠ።

ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ቤቱ ሞላ። ዓሪፍ በሩ ሥር ተቀመጠ።

«በሉ አያ ጀብሪል፣ ጉዳይዎን ይንገሩንና አሚን እንበል» አሉ ዱዓ አድራጊው።

«ልጅ አልነበረንም። አላህ ሰጠን። አልሐምዱሊላህ።»

ሌላ ጊዜ ፀሐይ የምትጠልቅበት ወሬ ምራቅ እስኪዋጥ እንኳ ሳይቆይ አለቀ። «አሚን» ያለው ዓሪፍ ብቻ ነው። ሌላው እርስ በርሱ ተያየ።

«አንቱ ሰውዬ!» አሉ ሀስና ከመጋረጃው ጀርባ። «እኔስ? እኔ የት ገባሁ?»

መጋረጃውን ገለጥ አደረጉ።

«መካን ናት ሲሉኝ የኖርኩት፣ ያን ዳገት የወጣሁት እኔ አይደለሁም? ወንጀልም ከሆነ እኔው እጠየቅበታለሁ። ከገዛ ዕድሜዬ ላይ ግን አያስወጡኝ።»

አያ ጀብሪል ወደ ልጃቸው ዞሩ። ዓሪፍ ዓይኑ ዕንባ እንዳዘለ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ።

«ሀስና ገና ሳይነጋ ተነሳች» ብለው ጀመሩ።

ዓሪፍ ጫማውን አጠለቀ። ሀስና በወሬው ውስጥ ዳገቱን ስትጀምር እሱ ግቢውን እያቋረጠ ነበር፤ ተንበርክካ ስትሳል የውጭው በር ሲዘጋ ተሰማ። አያ ጀብሪል አላቆሙም። ልጁ የሚወለድበት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ አስፋልቱ ድረስ እንዲሰማ።