የዝሆኗ ኩምቢ

«ዛሬውኑ አውጥቼ ነው የምጥላት!» አለ ታላቅ ወንድሟ፣ ኮሪደሩ ላይ የቆመችውን አሮጌ የቫኪዩም መጥረጊያ ማሽን በእግሩ ገፍቶ። «እናታችንን የጨረሰቻት እሷ ናት።»

ልጅቷ ባዶ ሲኒ የሞላውን ትሪ እንደያዘች ቀጥ አለች። ሳሎኑ በለቀስተኛ ጢም ብሏል፤ ያልሰማ የለም። ሐኪሙ የገደላት ልቧ ነው ብሏል። ልብ ግን ለወሬ አይመችም፤ ስለዚህ ለቅሶ ቤቱ ነገሩን ሁሉ በማሽኗ ላይ አላከከው።

«እውነቱን ነው» አለች ፎቅ ላይ የምትኖረው ልብስ ሰፊ፣ ጥቁር ሻሿን እስከ አገጯ ሸብ አድርጋ። አጠገቧ ላለችው ሴት ማንሾካሾኳ ነው፤ ሹክሹክታዋ ግን ጓዳ ድረስ ይሰማል። «ሴት ልጅ በዚያ ዕድሜዋ ቱቦ ለቱቦ! እኔማ ስንቴ ነገርኳት። በሞተችበት ሳምንት ዓይኗንም አላየሁት እንጂ፣ ባገኛት እለምናት ነበር።»

ልጅቷ ደሟ ፈላ። ትሪውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፤ እዚያው ብትቆይ አንዱን ሲኒ መወርወሯ አይቀርም ነበር።

እናቷ ማሽኗን ያመጣቻት ታጸዳበት የነበረው ሆቴል የተዘጋ ጊዜ ነው። ደረቁንም እርጥቡንም ትመጥጣለች፤ ሆዷ በርሜል ያህላል፣ ቱቦዋ ረጅም ነው። «ዝሆኔ» ትላት ነበር። ግድግዳ ሲበሳ ኩምቢዋን ከመብሻው ሥር ደቅና አንዲት ብናኝ መሬት አታስነካም። የኤሌክትሪክ ሽቦ በግድግዳው ቱቦ ውስጥ አላልፍ ሲል፣ የፌስታል ቁራጭ በክር አስራ በአንዱ ጫፍ ትከትና በሌላው ጫፍ ዝሆኗን ታስነሳታለች፤ ክሩ ፉት ተብሎ ይመጣል፣ ሽቦውም በክሩ ይጎተታል። የተደፈነ ሲንክማ ቁርሷ ነው። ሥራ ሲያልቅ የማሽኗን አናት በሽርጧ ጫፍ ጥርግ ታደርግና «በርቺ ዝሆኔ» ትላታለች። ሕንፃው ውስጥ እሷን ጠርቶ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ያኔ «እጅሽ ይባረክ» ያለ አፍ ነው እንግዲህ ዛሬ «ቱቦ ለቱቦ» የሚለው!

ጓዳ ስትገባ ሲንኩ ውሃ አቁሯል። ለቀስተኛው ያገዘ መስሎት የቡናውን አተላ ሁሉ እዚያ ደፍቶታል። እናቷ በሕይወት ብትኖር ማን ይደፍር ነበር?

«ለቧንቧ ሠራተኛ ደውያለሁ፤ ነገ ይመጣል» አለ ወንድሟ ከኋላዋ።

«እናቴ ቤት? እናቴ ቤት ቧንቧ ሠራተኛ? ሰው አታስቅብን!»

ማሽኗን እየጎተተች ጓዳ አስገባቻት። ውሃ ሲመጠጥ የወረቀት ማጣሪያው መውጣት አለበት፤ ክዳኑን ስትከፍት ግን ቀድሞውኑ ወጥቷል። ሆዷ ውስጥ የሳሙና ውሃ ተኝቷል። ልጅቷ ያን ዕለት ከሥራ ስትመለስ እናቷን አልጋዋ ላይ ሞታ ነበር ያገኘቻት፣ ማሽኗን በሩ ሥር። ከማን ቤት እንደመጣች የተናገረ ሰው አልነበረም።

የኩምቢው አፍ ላይ የስቶኪንግ ቁራጭ እንደ ከረጢት ወደ ውስጥ ገብቶ በላስቲክ ታስሯል። እናቷ ስቶኪንግ የምታስረው ሲንክ ውስጥ የገባ ትንሽ ዕቃ ለማውጣት ብቻ ነው፤ ውሃው ያልፋል፣ ዕቃው ይቀራል። ልጅቷ ላስቲኩን በጣቷ ዳሰሰችው። እናቷ በእጇ ያሰረችው የመጨረሻ ነገር ነው። እንደምንም ፈታችው።

ቀይ ፈርጥ ያለው የወርቅ ጉትቻ መዳፏ ላይ ወደቀ። ማን እንደሚያጠልቀው ሕንፃው በሙሉ ያውቃል።

ሳሎን ገባች። «እትዬ፣» አለቻት ልብስ ሰፊዋን፣ «እስቲ ሻሽዎን ገለጥ ያድርጉት።»

«ምነው ልጄ?»

«ጆሮዎን ልይ።»

የሴትዮዋ እጅ ሳታስበው ወደ ግራ ጆሮዋ ሄደ። ልጅቷ መዳፏን ዘረጋች።

«ወይኔ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሲንክ ውስጥ ገባብኝ ብዬ ጠራኋት። አንዴ እንዳስነሳቻት ‹አዞረኝ፣ ጋደም ልበል› ብላ ወረደች። ጠርታ ገደለቻት እንዳልባል ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።»

«መጥራትዎን ማን ከለከለዎ? ሁሉም ይጠራት ነበር፤ እሷም ደስ ብሏት ነው የምትሄደው! ግን ‹ዓይኗን አላየሁትም› ይላሉ? ለቅሶዋ ላይ ተቀምጠው፣ ቡናዋን እየጠጡ፣ ‹ስንቴ ነገርኳት› ይላሉ? ነውር አይደለም?»

ልጅቷ ጉትቻውን በሴትዮዋ መዳፍ ላይ አስቀምጣ ጣቶቿን አጠፈችላት።

«እናቴ የጀመረችውን ሥራ አቋርጣ አትሄድም። ይኸው፣ ጨርሳልዎታለች።»

ወደ ጓዳ ስትመለስ ወንድሟ የማሽኗን ገመድ ሶኬት ላይ ሰክቶ ጠበቃት። አንገቱን ደፍቷል።

«ምን ልያዝልሽ?»

«ጨርቅ አርጥብና ሲንኩ ቀዳዳ ላይ የኩምቢውን ዙሪያ ጠቅጥቅ። አየር እንዳይገባ።»

ዝሆኗ ጮኸች። ቱቦው ተንቀጠቀጠ፣ አተላው እየተንዶቀዶቀ መጣ፣ ሲንኩም ያቆረውን ውሃ ፉት አድርጎ ጨረሰው። ልጅቷ አጠፋቻት።

የእናታቸው ሽርጥ በሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው፤ ከሞተች ወዲህ ማንም አልነካውም። ልጅቷ አወረደችው። በጫፉ የማሽኗን አናት ጠረገች፣ ደግማም ጠረገች።

ወንድሟ ሽርጡን ከእጇ ተቀብሎ፣ ቅድም በእግሩ የገፋበትን ቦታ አበሰ።

«በርቺ ዝሆኔ» አለ።