ከበሮ ውስጥ የገባው ድምፅ

ገላው ደክሞታል። ድካሙ የአንድ ቀን አልነበረም፤ ከቢቸና ሞጣ፣ ከሞጣ ቢቸና የማኅበሩን ማዳበሪያ ሲያመላልስ የከረመበት፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል ጉሮሮው ላይ ይዞ የኖረበት ድካም ነው። ታናሽ ወንድሙ ፋንታ ሰሜን ግንባር ላይ ሞቷል። ይህን ገላው ያውቃል፤ ሞጣ ያሉት የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ያውቃሉ። የማታውቀው እናታቸው ሀብትነሽ ብቻ ናት።

ወሬውን ያመጣው ከፋንታ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ የከረመ ቁስለኛ ወታደር ነው። ከወሬው ጋር ለገላው አንድ ካሴት አስረከበው። ፋንታ ከመሞቱ ሁለት ወር በፊት «ለእማዬ አድርሱልኝ» ብሎ በአለቃው ቴፕ የቀዳው ነው። ገላው ካሴቱን ይዞ ሽማግሌዎቹ እግር ላይ ወደቀ። «መርዶውን ሳትነግሯት በፊት ድምፁን ትስማ። አንድ ጊዜ እንኳ በሕይወት እንዳለ ሆኖ ያናግራት» አላቸው። ሽማግሌዎቹም ሰው ናቸውና ሁለት ጊዜ ቀጠሮ አሸጋገሩለት። ሦስተኛው የመጨረሻ ነበር፤ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ይነገራታል።

ችግሩ ሀብትነሽ አትሰማም። ከሦስት ዓመት በፊት ተስቦ ታማ ስትነሣ በሽታው ጆሮዋን ይዞባት ሄደ። ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ጆሮዋ ሥር ካልጮኸ በቀር የዓለም ወሬ ቀርቶባታል። የገላው ድምፅ ወፍራም ስለሆነ ይደርሳታል። ፋንታ ግን ድሮም ድምፁ ቀጭን ነው፤ በድቁናው ጊዜ ሴቶቹ «ክራር የዋጠ ልጅ» ይሉት ነበር። እሷም ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ «ከማኅሌቱ ሁሉ የቀረልኝ ከበሮው ብቻ ነው፤ እሱ ደረቴን መትቶ ይገባል» ትላለች። ገላው ይህን ቃሏን ይዞ ነው ስሕተቱን የሠራው።

ቢቸና ውስጥ ሣህለ ማርያም የሚባል ራዲዮ ጠጋኝ አለ። በጦር ሠራዊት መገናኛ አገልግሎ ጡረታ የወጣ፣ ሰው ሲያናግረው ዓይኑን ከሥራው ላይ የማያነሣ ሰው ነው። ገላው የማኅበሩን ፔጆ ፒካፕ በሩ ላይ አቁሞ ነገሩን አጫወተው፤ መርዶውን ግን ደበቀ። የመኪናው ቴፕ ደህና ይሠራል፤ ስፒከሯ ግን የሲኒ ማስቀመጫ የምታህል ናት።

«ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ፣ ደግሞም ርካሽ» አለ ገላው።

ሣህለ ማርያም ሦስት ስፒከሮች ከመደርደሪያ አወረደ። «ይህ አዲስ ነው፤ ዋጋውን አትጠይቀኝ፣ ትቀየመኛለህ። ይህኛው ወረቀቱ ተቀዷል፤ በሙጫ ብለጥፈውም ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነው የሚናገረው። ትልቁ የአንድ ባላባት ሸክላ ማጫወቻ ራዲዮግራም ውስጥ የነበረ ነው። ባለቤቱም የለ፣ ራዲዮግራሙም የለ፤ እሱ ብቻ ቀርቷል።»

ገላው ትልቁን አነሣው። ክብደቱን ሲያየው ልቡ አረፈ።

«ስማኝ» አለ ሣህለ ማርያም፤ «ይህ የሚሰጥህ ወፍራሙን ብቻ ነው። የሰው ድምፅ ደግሞ ወፍራምም ቀጭንም አለው። የመኪናህን ትንሿን ስፒከር አትንቀላት፤ ሁለቱ አብረው ይናገሩ። ሳጥንም ያስፈልገዋል፤ ያለ ሳጥን ከፊት የሰጠህን ከኋላ ይበላዋል።»

ሳጥን ከየት ይመጣል? ቢቸና ገላው ቤት ያለው አንድ ቆዳው የተቀደደ የሠርግ ከበሮ ነው። አሰበና የራሱ ሐሳብ ለራሱ ደስ አለው፦ እናቱ የምትሰማው ከበሮ ከሆነ፣ የወንድሙን ድምፅ ከበሮ ውስጥ ቢያስገባውስ? ከበሮውን ጠጋኙ ዘንድ አምጥቶ፣ የተቀደደውን ቆዳ ገፍፎ ስፒከሩን በሰፊው አፍ ገጠመውና በጠፍር ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ሣህለ ማርያም ያን ጊዜ ዓይኑን ከሥራው ላይ አነሣ።

«ከበሮ የራሱ ድምፅ አለው እኮ! የገባበትን ሁሉ ከበሮ ያደርገዋል።»

«እናቴ የምትሰማው እሱን ነው» አለ ገላው። ድካም ያደነዘዘው ሰው ምክር አይገባውም።

ሐሙስ ተነሣ። ከበሮውን በጋቢው ጠቅልሎ በማዳበሪያው መሀል አስቀመጠው፤ ገመዱን ከመኪናው ቴፕ ጋር አገናኝቶ ካሴቱን እየሰማ ነዳ። ደብረ ወርቅ ሳይደርስ ድምፁ እልም አለ። ወርዶ ፊውዙን አየ፣ ደህና ነው። የባትሪውን ገመድ አየ፣ ደህና ነው። ፀሐይ አናቱን እየበላው አንድ ሰዓት ሙሉ ሲፈልግ ቆይቶ፣ ገመዱን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው ብሎን በኮረኮንቹ ላልቶ፣ ዝጎም አገኘው። በቢላዋ ፍቆ አጠበቀው። ድምፁ ተመለሰ፤ አሁን ደግሞ ሞተሩ ሲሠራ አብሮ የሚያለቅስ ጩኸት መጣ። ገመዱን ከሞተሩ አርቆ አዞረው። ጉንደ ወይን ሲደርስ በተራዋ ትንሿ ስፒከር አቧራ ገብቷት ትንጣጣ ጀመር፤ በፋንታ ቃል ላይ እሳት እንደበላው ጨው ትረጫለች። ገላው ተናደደ። ፒንሳ አወጣና ገመዷን ቆረጠው።

ትልቁ ብቻውን ቀረ። ጥርት ያለ፣ ደረት የሚነካ ድምፅ! ገላው በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ካሴቱን ስንት ጊዜ እንደሰማው እሱ ራሱ አያውቅም፤ ቃሉን ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ስለዚህ የጎደለውን ጆሮው እየሞላለት ፋንታን ራሱን የሰማ መሰለው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሞጣ ገባ። ፒካፑን ግቢው ውስጥ አቁሞ ሞተሩን አጠፋ፤ እናቱን በርጩማ ላይ አስቀመጣትና መዳፏን ከበሮው ላይ አሳረፈላት። ጎረቤቶች አጥሩ ሥር ተሰበሰቡ። ሁሉም ስለሚያውቁ ማንም ቀና ብሎ አላያትም።

«እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። እግሬን ትንሽ አሞኝ ነበር፣ አሁን ድኛለሁ። ክረምቱ ሲያልፍ ፈቃድ ይሰጡናል፤ እመጣለሁ…»

የሀብትነሽ ፊት በራ። «ሰማሁ! ገላው፣ ሰማሁ! ሰው ይናገራል!»

ገላው አለቀሰ፤ ዝም ብሎ አለቀሰ። ድካሙ ሁሉ በዕንባው የወጣለት መሰለው። እሷ «ድገመው» አለችው፤ ደገመው። ሦስተኛ ጊዜ አስደገመችው። ያን ጊዜ እጇን ከከበሮው ላይ አነሣች።

«ደግ ልጅ ነው» አለች። «የማን ልጅ ነው?»

ገላው ጆሮዋ ሥር ጮኸ። «ፋንታ ነው እኮ! ፋንታ! ወታደር ያመጣልሽ ካሴቱ ነው!»

«ተው፣ ደንቆሮ ነች ብለህ አታታልለኝ። የፋንታን ድምፅ እኔ ልስተው? የእሱ ቀጭን ነው። ይህ ጎልማሳ ነው፤ ያውም የደከመው።»

ገላው ሮጠ። የቆረጠውን ገመድ በጥርሱ ልጦ ትንሿን መልሶ ቀጠላት፤ ተንጣጣች፤ እናቱ ግን ያው ከበሮውን ብቻ ነው የሰማችው። ጠፍሩን ፈትቶ ትልቁን ስፒከር ከከበሮው አወጣና በእጁ ይዞ ጆሮዋ ሥር አስጠጋው። «ጠፋ፤ አሁን ምንም የለም» አለች። መልሶ አስገባው። ያው እንግዳ ሰው ከከበሮው ውስጥ «እማዬ» አለ። ሣህለ ማርያም «የገባበትን ሁሉ ከበሮ ያደርገዋል» ያለውን አስታወሰ።

«ልጄ፣ አትልፋ» አለችው ሀብትነሽ፤ ትከሻውን ዳበሰችው። «ወታደሩ ካሴቱን አሳስቶ ነው የሰጠህ። እዚያ ስንት የእናት ልጅ አለ! የዚህን እናት ፈልጋት፤ አሁኑኑ አድርስላት። የልጅ ድምፅ መጠበቅ ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ፤ አታስጠብቃት። የእኔም በተራው ይመጣል።»

እስኪነሣ ድረስ ቆማ ጠበቀችው። ገላው መኪናውን አስነሣና ከግቢው ወጣ።

መታጠፊያው ላይ የሽማግሌዎቹ አለቃ መሪጌታ ወልደ ሰንበት በዘንጋቸው ተደግፈው ይጠብቁት ነበር። ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

«ድምፁን ሰማች?»

«ሰማች።»

«ተመስገን! እንግዲያው ነገ ጎህ ሲቀድ እንመጣለን።»

«መሪጌታ፣ አንድ ቀን ጨምሩልኝ።»

«ሰማች አላልከኝም? ከዚህ ወዲያ ምን ቀረህ?»

«የሰማችው ከበሮውን ነው» አለ ገላው፣ መሪውን እንደጨበጠ።