መሪው ላይ የታሰረው ጨርቅ

ማርሽ የሚሏት ሴትዮ ሃያ ዓመት ከባድ መኪና ነድታለች። ቅጽል ስሙን ያወጡላት የድሮ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ዳገት ላይ ማርሽ ስትቀይር ጋቢና ውስጥ የተኛ ሰው አይነቃም ይሉ ነበር። ያ ሁሉ ሙያ ግን ሰባት ወር ቤት ከመዋል አላዳናትም። የነበረችበት ድርጅት ከተዘጋ ወዲህ ሦስት ቦታ አመልክታለች፤ ሦስቱም ቦታ መንጃ ፈቃዷን ሳያዩ ሴትነቷን አይተው መለሷት። ቤት ውስጥ ወገቡ የተሰበረ ባል አለ። እሱም ሹፌር ነበር፤ አሠሪዎቹ ፍሬኑ እንደማይዝ እያወቁ «ለዛሬ ብቻ» ብለው የላኩት መኪና ነው እንዲህ ያደረገው። ዛሬ ጠዋት ጫማዋን እያሰረች፣ «ዛሬም ካልሆነ መንጃ ፈቃዴን ግድግዳ ላይ ለጌጥ እሰቅለዋለሁ» ብላው ወጣች።

አዲስ ያመለከተችበት የጭነት ድርጅት ግቢ ውስጥ አመልካቾቹ አሥር ነበሩ፤ ዘጠኝ ወንድና እሷ። ቀጣሪው ሸሚዙን በደንብ ያስተኮሰ፣ ከወንበሩ በቀር ምንም ነድቶ የማያውቅ ሰው ነው። በሁለት ወር ውስጥ አሥራ ሁለት ሹፌሮች ጥለውት ሄደዋል። ለምን ሄዱ ብሎ ግን አንድ ቀን አልጠየቀም።

«እኛ ዘንድ ክፍያው በምልልስ ነው፤ የሮጠ ያገኛል» አላቸው።

«መጫኛው በር ላይ ተራ ስንጠብቅስ?» አለች ማርሽ።

«እህቴ፣ ጋቢና ውስጥ ተኝቶ ለዋለ ማን ይከፍላል?»

ሁለት አመልካቾች ለሥራው ሲሉ ሳቁለት። የቀሩት መሬት መሬት አዩ። ተኝቶ መዋሉን ያውቁታላ! በየሁለት ሰዓቱ አንድ መኪና ያህል ፈቀቅ ማለት፣ ሽንት ቤት የለ፣ እንቅልፍ ሸለብ ካደረገ ተራው ያልፋል፤ እንዲህ እየተባለ ሁለት ቀን። አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን አልነበረም፤ የቸገረው ሰው ምላሱ ከባድ ነው።

«እስቲ በእህታችን እንጀምር» አለ ቀጣሪው ቁልፉን እያቀበላት። ቶሎ ሊገላገላት እንደፈለገ ገብቷታል። ፈተናው ግቢው ጀርባ ያለውን ቁልቁለት ወርዶ፣ ተሳቢውን ወደ መጋዘኑ በር በኋላ ማርሽ ማስገባት ነው። ለእሷ ይሄ የልጅ ጨዋታ ነበር።

ጋቢናው ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ጋቢናው ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ወለሉ ታጥቧል፣ መስታወቱ ተወልውሏል። መሪውን ስትይዝ ጣቷ አንድ ነገር ነካ። ዝቅ ብላ አየችው፤ መሪው ላይ ተጠምጥሞ የቀረ ቀይ ክር ነበር።

«እዚህ ላይ ምን ታስሮ ነበር?» አለች በመስኮት።

«የቆሸሸ ጨርቅ ነበር። ጥሎን የሄደው ሹፌር ነው ያሰረው። እንግዳ ሊመጣ ነው ብዬ አስፈትቼ አስጣልኩት» አለ ቀጣሪው፣ ለጽዳቱ ምስጋና እየጠበቀ።

ሹፌር መኪናው ታሞበት ሲወርድ መሪው ላይ ጨርቅ ያስራል፤ ያሰረው ራሱ ወይም ያበጀው መካኒክ ካልሆነ ማንም አይፈታውም። ይህን የማያውቅ ሹፌር የለም። ቀጣሪው ግን ሹፌር አይደለም።

ማርሽ ሞተሩን አስነሳች፣ የፍሬኑ አየር እስኪሞላ ጠበቀች፣ ፍሬኑን ረገጠች። የአየር መለኪያው ቀስት ቁልቁል ወረደ፤ ከተሳቢው ሥር እስስስ የሚል ድምፅ መጣ። አጥፍታ ወረደች።

«ፍሬኑ አየር ያፈሳል። አልነዳውም።»

«ሁለት መቶ ሜትር እኮ ነው! ለዛሬ ብቻ ቀስ ብለሽ—»

«ለዛሬ ብቻ» ሲል ባሏን የላኩበት ቃል ትዝ አላት። ሥራው ከእጇ እየሾለከ መሆኑን ታውቃለች፤ ለባሏ ምን እንደምትለው አታውቅም። ፈርታለች፣ ግን ያ ፍርሃት መልሶ ጋቢናው ላይ አያወጣትም።

«አልነዳውም ብያለሁ።»

«እንግዲያው ደህና ሁኚ። ቀጣይ!»

ቀጣዩ ግዙፍ ሰውዬ ነው፣ ቅድም ከሳቁት አንዱ። ቁልፉን ከእሷ ተቀበለ፣ ወጣ፣ መሪውን አየ፣ ወረደ። ቁልፉን ለሦስተኛው ሰጠ። ሦስተኛው መውጣትም አላስፈለገውም። ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ቀጣሪው እጅ ገባ።

«አድማ መሆኑ ነው?»

«ኧረ ምን አድማ አመጣው» አሉ አንድ በዕድሜ የገፉ አመልካች። «ጨርቅ ነው እንጂ።»

ማርሽ የአንገት ልብሷን ፈታች። ባሏ የገዛላት ነው፣ ሳሳችለት። ቢሆንም ተመልሳ ወጥታ መሪው ላይ ሁለት ጊዜ ቋጠረችው።

ቀጣሪው ሰዓቱን አየ። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ጭነት ዛሬ ካልወጣ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ከፊቱ ያሉት ደግሞ በወሩ ያገኛቸው ሹፌሮች በሙሉ ናቸው። ትንሽ ዞር ዞር አለና ለመካኒክ ደወለ።

«ከሰዓት በኋላ ነው የሚደርሰው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እስከዚያ ሂዱና…»

«ስሄድ ልታስፈታው? የትም አልሄድም። ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ሲበጅ የምፈታውም የምነዳውም እኔ ነኝ። ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ» አለች ማርሽ።

«እሺ፣ እትዬ፣ ይጠብቁ።» እትዬ ማለቱ እሱንም ሳይገርመው አልቀረም።

«የምጠብቀው ግን በነጻ አይደለም። እዚህም፣ መጫኛው በር ላይም። የእነሱም እንደዚያው።»

ግዙፉ ሰውዬ መጥቶ አጠገቧ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌው ተከተሉ፤ ከዚያ ሌሎቹ። ቀጣሪው አሥሩን ሰዎች አንድ በአንድ አያቸው። የውል ወረቀቶቹን ከብብቱ አውጥቶ እስክሪብቶ ፈለገ።

«ምን ብዬ ልጻፈው?»

«መጠበቅ ሥራ ነው ብለህ ጻፍ» አለችውና የእጅ ሰዓቷን አየች። «ሦስት ተኩል ሆኗል። ከዚህ ጀምር።»