እጀታ የሌለው ድስት

ቅዳሜ ጠዋት በአጎቴ የቆርቆሮ ዕቃ መሥሪያ ሱቅ አጎቴ፣ ታላቅ እህቴና እኔ ነበርን። እህቴ ከጀርባ ሕመሟ አገግማ ከጓደኞቿ ጋር ተራራ ልትወጣ ነበር፤ ሐኪሟ ግን ከባድ ሸክም ከልክሏት ነበር። ከዕቃዋ ሁሉ የሚከብዱት ድስቷና ምድጃዋ ነበሩ።

አጎቴ የድስቱን ወፍራም እጀታ ቆርጠው ጣሉ። ከባዶ ጣሳም በአልኮል የሚነድ ትንሽ ምድጃ ሠሩላት።

«ጋሼ፣ ሲፈላ በምን ላነሳው ነው?» አለች።

«በምላስሽ! እሱ እሳት አይፈራም።»

ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ አጎቴ የሚወዱትን የቆዳ ሽርጣቸውን ጫፍ በመቀስ ቆርጠው ለድስቱ መያዣ ሰጧት።

«ኧረ ሽርጥዎ!»

«ያንቺ ጀርባ ይበልጥብኛል።»

እህቴ ትከሻቸውን ሳመች። እኔም ለምስጋና ወለሉን ጠረግሁላቸው።

እሁድ እህቴ ተራራው ጫፍ ላይ ሻይ አፈላች። ሰኞ አጎቴ ያንኑ ሽርጥ ለብሰው ሥራ ገቡ።